መልቀቂያ ያስገቡት አምባሳደርና የለገጣፎው ቤት

ጥያቄው የመጣው ለገጣፎ ውስጥ ቤት ካላቸው አንዲት እናት ነው። ስማቸውንና የአገሪቱን ስም ትቼ ፍሬ ነገሩን እንዲህ አሳጥሬዋለሁ፦ «ከሟች ባለቤቴ ጋር የሠራነውን ቤት ከሁለት ዓመት በፊት ለአንድ የአፍሪካ አገር አምባሳደር አከራየሁ። ሰውየው በአገራቸው ጠበቃ ነበሩ፤ የተሾሙትም በዲፕሎማትነት ሠርተው ሳይሆን የገዥው ፓርቲ ሰው በመሆናቸው ነው። በቅርቡ በአገራቸው ምርጫ ተደርጎ መንግሥት ሲለወጥ ማንም ሳያባርራቸው መልቀቂያ አስገቡ። ከዚያ ወዲህ ባንዲራው ከመኪናቸው ወርዷል፤ ከግቢው ምሰሶ ላይ ግን አልወረደም። በሦስት ሳምንት ውስጥ እወጣለሁ ብለውኛል፤ ውሉ ግን ገና አሥራ አራት ወር ይቀረዋል። ጎረቤቶቼ ‹ከእንግዲህ እንደ ማንኛውም ሰው ስለሆኑ ኪራይሽን ሳይከፍሉ ዕቃ እንዳያወጡ በሩን ቆልፊ› ይሉኛል። አዲሱ መንግሥት የአሮጌውን ውል አያከብርም፣ ኤምባሲውም ሊዘጋ ይችላል የሚሉኝም አሉ። የእህቴ ልጅ ሾፌራቸው ነው፤ መኪናቸውንም በቅናሽ ልሽጥልዎ ብለውኛል። ለመሆኑ ሳይባረሩ ለምን ለቀቁ? እኔስ ገንዘቤን ከማን ልጠይቅ?»

በሩን አይቆልፉ። የቀረውን ማብራሪያ ለማንበብ ጊዜ ቢያጡ እንኳ ይህችን አንዲት ነገር ይያዙ፤ ምክንያቱም የጎረቤቶችዎ ምክር በሕግ የተሳሳተ ብቻ ሳይሆን ዛሬ በእጅዎ ያለውን ጥሩ ጉዳይ ነገ የሚያበላሽ ነው። አምባሳደሩ መልቀቂያ ባስገቡበት ቀን ተራ ሰው አልሆኑም፤ የሚኖሩበት ቤትም የተራ ሰው ቤት አልሆነም፤ የኪራይ ዕዳ ካለም ባለዕዳው እሳቸው ላይሆኑ ይችላሉ። ሦስቱን ነገሮች ነጣጥሎ ማየት ያስፈልጋል።

«ሳይባረሩ ለምን ለቀቁ» ከሚለው ልጀምር። ጥያቄው አምባሳደርን እንደ ማንኛውም የመንግሥት ሠራተኛ ከመቁጠር የመጣ ይመስለኛል። አምባሳደሮች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ከታችኛው እርከን ተነሥቶ፣ ሦስተኛና ሁለተኛ ጸሐፊ፣ ከዚያም አማካሪ እየሆነ በማዕረግ የወጣ የሙያ ዲፕሎማት ነው። ሌላው የአገሪቱ መሪ ስለሚያምነው፣ ስለሚፈልገው ወይም አንዳንድ ጊዜ ከአጠገቡ ዘወር እንዲል ስለፈለገ ከፖለቲካው ሜዳ አንሥቶ የሚልከው ሹመኛ ነው። ሁለተኛው ዓይነት ለእኛም እንግዳ አይደለም። ወደ ሃያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ሥዩም መስፍን ቤጂንግ፣ የንግድና ኢንዱስትሪ ሚኒስትር የነበሩት ግርማ ብሩ ደግሞ ዋሽንግተን በአምባሳደርነት ተቀምጠዋል። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 71 መሠረት አምባሳደሮችን የሚሾሙት ፕሬዚዳንቱ ቢሆኑም አቅራቢው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ናቸው። ሹመቱ ከሥራ አስፈጻሚው መሪ ፈቃድ ጋር የተሳሰረ መሆኑ በእኛም ዘንድ በሕግ የተጻፈ ነገር ነው ማለት ነው።

ሹመኛ አምባሳደር በውጭ አገር የሚከበረው በዲፕሎማሲ ችሎታው ብቻ ሳይሆን «ይህ ሰው ስልክ ቢደውል መሪው ያነሣለታል» ተብሎ ስለሚታመን ነው። መሪው ሲቀየር ያ እምነት በአንድ ሌሊት ይጠፋል፤ አስተናጋጁ መንግሥትም ከእሱ ጋር የሚነጋገረው ቁም ነገር አይኖረውም። ስለዚህ በብዙ አገሮች ሹመኛ አምባሳደር መንግሥት ሲለወጥ መልቀቂያውን ራሱ ማቅረቡ የተለመደ ሥርዓት ሆኗል። ይህን ልማድ አጥብቃ የያዘችው አሜሪካ ናት። ከአምባሳደሮቿ ሲሶ ያህሉ በተለምዶ የፖለቲካ ሹመኞች ሲሆኑ፣ ፕሬዚዳንት ሲቀየር እነዚህ ሁሉ መልቀቂያ ያቀርባሉ፤ ወደ አዲስ አበባ የምትልካቸው በአብዛኛው የሙያ ሰዎች ስለሆኑ እኛ ይህን መተራመስ ብዙም አናየውም። ቀድሞ ልጆቻቸው ትምህርት ላይ ላሉባቸው አምባሳደሮች ጥቂት ወራት የሚሰጥበት አሠራር ነበር፤ በ2017 እ.ኤ.አ. የሥልጣን ርክክብ ጊዜ ግን ሥልጣን የሚረከበው አስተዳደር ሹመኞቹ በሙሉ ፕሬዚዳንቱ ቃለ መሐላ በሚፈጽምበት ቀን ቦታቸውን እንዲለቁ በማዘዙ ብዙ ቤተሰብ ተቸግሯል። ተከራይዎ ሳይባረሩ ቀድመው መልቀቃቸው፣ እንግዲህ፣ ጥፋት የመሸሽ ወይም የመኳረፍ ምልክት አይደለም። ወንበሩ የእሳቸው እንዳልሆነ የሚያውቅ ሰው የሚያደርገውን አድርገዋል።

ይህን ዓይነቱን የሥርዓት መልቀቂያ ከተቃውሞ መልቀቂያ ጋር ማምታታት አይገባም። በእኛ ትውልድ «ለቀቀ» ሲባል አእምሮአችን የሚሄደው ወደ ኋለኛው ነው። ኮሎኔል ጎሹ ወልዴ በጥቅምት 1979 ዓ.ም. ኒው ዮርክ ላይ ሳሉ ከውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነታቸው ሲለቁ፣ ያገለገሉትን መንግሥት አካሄድ አውግዘው ነበርና ወደ አገራቸው የሚመለሱበት መንገድ ያን ቀን ተዘጋ። እንዲህ ያለው ሰው ከላከው መንግሥት ጋር ይቆራረጣል፤ ደመወዙ፣ ፓስፖርቱ፣ የመመለሻ ትኬቱ ሁሉ አጠያያቂ ይሆናል። የእርስዎ ተከራይ ግን ምርጫ የተሸነፈ ፓርቲ ሰው ናቸው፤ ኤምባሲው ዕቃቸውን ጭኖ፣ ትኬታቸውን ቆርጦ የሚሸኛቸው ይሆናሉ። ለእርስዎ ትርጉሙ ከፍ ያለ ነው፤ ከመንግሥታቸው ጋር የተጣላና የተቆራረጠ ሰው ቢሆኑ ኖሮ፣ ኤምባሲው «እኛ አናውቃቸውም» የሚልበት ዕድል ይሰፋ ነበር።

አሁን ወደ ቀኖቹ እንምጣ፤ ነገሩ የሚወሳሰበው እዚህ ላይ ነውና። አምባሳደር የሚለቅበት ቀን አንድ ቀን አይደለም። መልቀቂያውን የጻፈበት፣ ዋና ከተማው የተቀበለበት፣ የእኛ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር እንዲያውቅ የተደረገበት፣ በመጨረሻም አውሮፕላን የተሳፈረበት ቀን እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ውጤት አላቸው። ኢትዮጵያም አባል በሆነችበት በ1961 እ.ኤ.አ. በተፈረመው የቪየና የዲፕሎማቲክ ግንኙነት ስምምነት አንቀጽ 43 መሠረት የአንድ ዲፕሎማት ሥራ የሚያበቃው በተለይ ላኪው አገር ይህንኑ ለተቀባዩ አገር ሲያሳውቅ ነው። ሰውየው መልቀቂያውን በአገሩ ራዲዮ ቢያስነግር፣ ለእርስዎ በቃል ቢነግርዎ፣ የስንብት ግብዣ ቢያደርግ እንኳ፣ ደብዳቤው ለሚኒስቴሩ እስካልደረሰ ድረስ በኢትዮጵያ ዓይን አምባሳደር ነው። አዲስ አበባ ደግሞ በዚህ ረገድ ከሌሎች ዋና ከተሞች ትለያለች፤ ብዙዎቹ የአፍሪካ አምባሳደሮች እዚህ የሚቀመጡት በኢትዮጵያ ብቻ ሳይሆን በአፍሪካ ኅብረት ቋሚ ተወካይ፣ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽንም የአገራቸው ወኪል ሆነው ነው። የአንድ ሰው መሰናበት ሁለትና ሦስት ቦታ በደብዳቤ መድረስ አለበት፤ ደብዳቤዎቹም በአንድ ቀን ላይደርሱ ይችላሉ።

ማሳወቂያው ከደረሰ በኋላም ከለላው ወዲያው አይነሣም። የስምምነቱ አንቀጽ 39 ልዩ መብቱና ያለመከሰስ ከለላው የሚያበቃው ሰውየው አገሩን ለቅቆ ሲወጣ፣ ወይም ለመውጣት የሚበቃ ምክንያታዊ ጊዜ ሲያልፍ መሆኑን ይደነግጋል። ተከራይዎ የነገሩዎት ሦስት ሳምንት በማንኛውም ሚዛን ከዚህ ጊዜ ውስጥ ነው። ስለዚህ በእነዚህ ሦስት ሳምንታት ዕቃቸውን መያዝ፣ መኪናቸውን ማገድ ወይም በር ላይ ቆሞ ማስፈራራት ትናንት በሥራ ላይ ያለን አምባሳደር ከመድፈር አይለይም። ፖሊስ ቢጠሩ ፖሊሱ የሚያስወጣው እሳቸውን ሳይሆን እርስዎን ነው። ከዓመታት በፊት የአንድ ተሰናባች ዲፕሎማት አከራይ ሱሉልታ መንገድ ላይ ባለ ግቢያቸው የዕቃ ኮንቴይነሩን በሰንሰለት አሥረው እንዳስረዳ ተጠርቼ ነበር። ሰውየው የሚጠይቁት ኪራይ በእውነት ያልተከፈለ ነበር፤ ሰንሰለቱ ከታሰረ በኋላ ግን ስለ ኪራዩ የሚሰማቸው አጡ። በሁሉም ደብዳቤ ላይ ተበዳዩ ዲፕሎማቱ ሆነ።

ከወጡ በኋላስ? በሥራቸው አጋጣሚ ለሠሩት ከለላው አብሮአቸው ይቀጥላል፤ የግል ጉዳያቸው ግን ከለላ ያጣል። የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጥቅምት 2017 እ.ኤ.አ. በሰጠው ውሳኔ ለንደንን ለቅቆ የሄደ የሳዑዲ ዲፕሎማት ለቤት ሠራተኛው ክስ ያለመከሰስ ከለላ ሊያነሣ እንደማይችል ተናግሯል፤ የቤት ሠራተኛ መቅጠር የዲፕሎማት ሥራ አይደለምና። መርሁ በጽሑፍ ደስ ያሰኛል። ተከሳሹ በሌላ አህጉር፣ ንብረቱም በሌላ አህጉር ሲሆን ግን ከለገጣፎ ተነሥቶ ሊያሳድደው የሚችል አከራይ ጥቂት ነው።

ስለ ቤቱ ደግሞ ጎረቤቶችዎ ያላስተዋሉትን እርስዎ በዓይንዎ አይተውታል፤ ባንዲራው ከመኪናው ሲወርድ ከግቢው አልወረደም። በመኪናው ላይ የሚውለበለበው ባንዲራ የሚሲዮኑ፣ ማለትም የኤምባሲው፣ መሪ መጓዙን ያሳያል፤ መሪው ሥራውን ሲያቆም ይወርዳል። የግቢው ባንዲራ ግን የሰውየው አይደለም። የቪየናው ስምምነት ገና በአንቀጽ 1 ትርጓሜውን ሲሰጥ የሚሲዮኑ መሪ መኖሪያ ቤት የሚሲዮኑ ቅጥር አካል መሆኑን ይናገራል። ከዚህ የተነሣ የአምባሳደሩ መኖሪያ እንደ ኤምባሲው ቢሮ የማይደፈር ነው፤ ያለ ሚሲዮኑ መሪ ፈቃድ ማንም፣ ባለቤቷም ጭምር፣ ሊገባበት አይችልም። አምባሳደሩ ቢሄዱም አገራቸው ቤቱን እስካልመለሰች ድረስ ይህ ጥበቃ ይቀጥላል፤ ፈቃጁ ብቻ ይለወጣል። የአምባሳደሩ ቦታ ባዶ በሚሆንበት ጊዜ ሚሲዮኑን የሚመራው በአንቀጽ 19 መሠረት ስሙ ለሚኒስቴሩ የሚገለጽ ጊዜያዊ ጉዳይ ፈጻሚ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም በኤምባሲው ካሉት የሙያ ዲፕሎማቶች ከፍተኛ ማዕረግ ያለው ሰው ይሆናል። ከአሁን በኋላ የእርስዎ ሰው እሱ ነው፤ ስሙን ዛሬውኑ ይጠይቁ።

በነገራችን ላይ የከተማችን ሰው ሚሲዮን ከሰው የሚለይ ነገር መሆኑን በሰፈር ስም ሲጠራው ኖሯል። ፈረንሳይ ለጋሲዮን የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው የውጭ አገሮች ወደ እኛ አምባሳደር ሳይሆን በሚኒስትር ማዕረግ የሚመራ ለጋሲዮን ይልኩ ከነበረበት ዘመን ነው፤ ያ አካባቢም ያኔ ከከተማው ዳር ነበር። ሹማምንቱ ስንት ጊዜ እንደተቀያየሩ፣ በፓሪስም ስንት መንግሥት እንደ ወጣና እንደ ወረደ የሚቆጥር የለም፤ ግቢው ግን እዚያው ነው።

«አዲሱ መንግሥት የአሮጌውን ውል አያከብርም» የሚለውን ወሬ በዚሁ ልዝጋው። ውል የሚገባው መንግሥት ሲሆን ባለግዴታው አገሪቱ ናት፤ ካቢኔ ሲቀየር የአገር ዕዳ አይሰረዝም። በምርጫ የተለወጠ መንግሥት ቀርቶ በመፈንቅለ መንግሥት የመጣ እንኳ ይህን ግዴታ ይወርሳል። በመፈንቅለ መንግሥት ጊዜ የሚያስቸግረው ግዴታው መኖሩ ሳይሆን አገሪቱን የሚወክለው ማን እንደሆነ ነው። ምያንማር በየካቲት 2021 እ.ኤ.አ. ወታደሮች ሥልጣን ሲይዙባት በኒው ዮርክና በለንደን ያሉት ሁለት አምባሳደሮቿ አዲሱን ኃይል ተቃወሙ። በኒው ዮርክ ያሉት ኪያው ሞ ቱን በጁንታው ቢሻሩም ወንበራቸውን ይዘው ቆዩ፤ የውክልናን ጥያቄ የሚወስነው ጠቅላላ ጉባኤው ነውና። በለንደን ያሉት ኪያው ዝዋ ሚን ግን በሚያዝያ ወር ከገዛ ኤምባሲያቸው ውጭ በር ተቆልፎባቸው በመኪናቸው ውስጥ አደሩ፤ የእንግሊዝ መንግሥትም የስንብት ማሳወቂያውን ተቀበለ። የአንድ አገር ሁለት አምባሳደሮች፣ በአንድ ምክንያት ተቃውመው፣ ዕጣቸው የተለያየው ተቀባያቸው ስለተለያየ ነው። በእርስዎ ጉዳይ ምርጫ ስለሆነና ተሸናፊውም ሽንፈቱን ስለተቀበለ ይህ ሁሉ ውዝግብ የለም። ኤምባሲው ይዘጋል የሚለውም ከዚሁ የመጣ ፍርሃት ነው፤ አገሮች ኤምባሲ የሚዘጉት በአብዛኛው በገንዘብ እጥረት ወይም ግንኙነት ሲቋረጥ እንጂ አምባሳደር ሲለቅ አይደለም። የአፍሪካ ኅብረት በመፈንቅለ መንግሥት ምክንያት ከእንቅስቃሴው ያገዳቸው አገሮች እንኳ በኅብረቱ ስብሰባ አይቀመጡም እንጂ በኢትዮጵያ ያለ ኤምባሲያቸው በእግዱ ምክንያት አይዘጋም።

ሊያሳስብዎ የሚገባው ክፍተቱ ነው። አዲስ አምባሳደር ለመላክ አዲሱ መንግሥት ሰው ይመርጣል፣ የኢትዮጵያን ይሁንታ በምስጢር ይጠይቃል፣ ይሁንታው ሲሰጥ ሰውየው ይመጣል፣ ከዚያም የሹመት ደብዳቤውን ለፕሬዚዳንቱ ያቀርባል። ይህ በፍጥነት ሲሄድ ወራት፣ ሲንቀረፈፍ ዓመታት ይፈጃል። ናይጄሪያ በመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. አዲሱ ፕሬዚዳንቷ ሥልጣን በያዙ በጥቂት ወራት ውስጥ አምባሳደሮቿን፣ ሹመኛውንም የሙያውንም ሳትለይ፣ ከሞላ ጎደል በሙሉ ጠራች፤ ተተኪዎቻቸውም ከሁለት ዓመት በላይ ሳይሰየሙ ቆዩ። በእንዲህ ያለ ጊዜ አንድ ጉዳይ ፈጻሚ ባዶ ቪላ ፊት ለፊት ቆሞ «ለማን ነው የምከፍለው?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል፤ ከዋና ከተማው የሚመጣለት በጀትም ይቀንሳል። እርስዎ ሊዘጋጁበት የሚገባው ጥያቄ ይህ ነው።

መልሱ ያለው በውልዎ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ነው። ተከራይ ተብሎ የተጻፈው ማን ነው? «የዚህ አገር ኤምባሲ፣ በአምባሳደሩ ተወክሎ» የሚል ከሆነ ተከራዩ አገሪቱ ናት፤ አምባሳደሩ የፈረሙት እንደ እጅ ነው፣ እጁ ሲሄድ ውሉ አይሄድም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1731 እንደሚለው በሕግ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ ላይ ሕግ ነውና ቀሪው አሥራ አራት ወር ኤምባሲውን ያስገድደዋል። ከዚህ የሚያላቅቀው ብዙውን ጊዜ «የዲፕሎማቲክ አንቀጽ» እየተባለ የሚጠራው፣ ተከራዩ ከተዛወረ ወይም ሥራው ካበቃ በአንድ ወይም በሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ውሉን ማቋረጥ እንዲችል የሚፈቅደው ሐረግ ነው። አከራዮች ሲፈርሙ ይህን አንቀጽ ሳያነቡ ያልፉታል፤ ሲነካቸው ግን እንደ ተታለሉ ይቆጥራሉ። ካለ በእርጋታ ያንብቡት፤ ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል? ቅድሚያ የተከፈለ ኪራይ ካለ ምን ይሆናል ይላል? «አምባሳደሩ ሲዛወር» የሚለው ቃል ራሳቸው የለቀቁትን ይጨምራል ወይ የሚለው አከራካሪ ስለሆነ በዚህ ላይ ኤምባሲው የሚልከውን ትርጉም ሳይመረምሩ አይቀበሉ።

ውሉ የተፈረመው በአምባሳደሩ የግል ስም ከሆነ፣ ሳልደብቅ ልንገርዎ፣ አቋምዎ ደካማ ነው። እዚህ ባሉበት ጊዜ ከለላቸው የኪራይ ክስን ይመክታል፤ በአንቀጽ 31 ከተዘረዘሩት ልዩ ሁኔታዎች ውስጥ የማይንቀሳቀስ ንብረት የባለቤትነት ክርክር ቢኖርም የኪራይ ገንዘብ ጥያቄ ከዚያ ውስጥ አይቆጠርም። ከሄዱ በኋላ ክሱ ይቻላል፤ ማስፈጸሙ ግን እንዳልኩት ረጅም መንገድ ነው። ሆኖም አንድ ማስረጃ ይፈልጉ፦ ኪራዩን ሲከፍል የነበረው ማን ነው? ሁለት ዓመት ሙሉ ገንዘቡ የመጣው ከኤምባሲው የባንክ ሒሳብ ከሆነ፣ በግቢውም የአገሪቱ ባንዲራ ከተሰቀለ፣ ቤቱ የሚሲዮኑ መኖሪያ እንደነበረ ለማስረዳት መልካም መነሻ አለዎት። የባንክ መግለጫዎቹን ያሰባስቡ።

ስለ እህትዎ ልጅ በአጭሩ። ቀጣሪው ኤምባሲው ከሆነ አምባሳደሩ ሲለቁ ሥራው በራሱ አይቋረጥም፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በኢትዮጵያውያንና በውጭ ዲፕሎማቲክ ሚሲዮኖች መካከል ያለውን የሥራ ግንኙነት፣ በደንብ ወይም በስምምነት ተለይቶ ካልወጣ በስተቀር፣ ይሸፍናል። በአምባሳደሩ ኪስ የሚከፈል የግል ሾፌር ከሆነ ግን አዋጁ የግል አገልግሎትን ወደ ጎን ስለሚተው መብቱ ጠበብ ያለ ነው፤ ያልተከፈለ ደመወዙንና የምስክር ወረቀቱን ሰውየው ሳይሳፈሩ በፊት ይጠይቅ።

መኪናውን አይግዙ፤ ቢያንስ አሁን አይግዙ። ዲፕሎማት ያለ ቀረጥ ያስገባው መኪና ቀረጥ የሚከፈልበት ሰው እጅ ሲገባ ቀረጡና ታክሱ ይነሣል፤ ዝውውሩም የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርንና የጉምሩክ ኮሚሽንን ፈቃድ ይሻል። «ቅናሽ» የሚባለው ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ ያ ያልተከፈለ ቀረጥ ነው። ሻጩ ከሄደ በኋላ የዲፕሎማት ሰሌዳ የተነሣለት፣ የቤትዎ ግቢ ውስጥ የቆመና የማይነዳ መኪና እጅዎ ላይ ሊቀር ይችላል። ሶፋና ማቀዝቀዣም ቢሆን ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ተመሳሳይ ጥያቄ ያስነሣል። ከሚኒስቴሩና ከጉምሩክ የተሰጠ ወረቀት በእጅዎ ሳይገባ ቀብድ እንኳ አይስጡ።

ከአከራዮች ዘንድ የማይጠፋ ሌላ ስሕተት አለ፤ «የኤምባሲ ተከራይ ግብር የለውም» የሚሉት። ነፃነቱ የኤምባሲው ነው፤ የቪየናው ስምምነት በአንቀጽ 23 ከሚሲዮን ጋር የሚዋዋለውን ሰው ግብር አይነካም። በሠንጠረዥ «ለ» የሚሰላው የኪራይ ገቢ ግብር የእርስዎ ግዴታ ነው፤ ለገጣፎ የሸገር ከተማ አካል በመሆኗም የሚከፍሉት ለአዲስ አበባ ገቢዎች አይደለም። በተቃራኒው የመብራትና የውሃ ክፍያ ለተሰጠ አገልግሎት የሚከፈል ስለሆነ ኤምባሲውን ነፃ አያወጣውም። ቆጣሪው በእርስዎ ስም ከሆነ ውዝፉ በእርስዎ ላይ ይቀራልና ከርክክብ በፊት የመጨረሻውን ክፍያ ደረሰኝ ይጠይቁ።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። በዚህ ሳምንት ለኤምባሲው ጉዳይ ፈጻሚ በሁለት ቅጂ ደብዳቤ ይጻፉ፤ ለአምባሳደሩ በግል ሳይሆን ለኤምባሲው። በደብዳቤው የውሉን ቀንና ቀሪ ጊዜ ይጥቀሱ፣ ኤምባሲው ቤቱን ለተተኪው ይዞት ይቆያል ወይስ በውሉ መሠረት ማስጠንቀቂያ ይሰጣል ብለው በቁርጥ ይጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍና በማኅተም ይጠብቁ። የገቢ ማኅተም የተመታበትን ቅጂ ለራስዎ ያስቀሩ። በሁለት ሳምንት ውስጥ መልስ ካላገኙ የደብዳቤውን ግልባጭ አያይዘው ለውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የፕሮቶኮል ክፍል ያመልክቱ። ሚኒስቴሩ ኪራይ አስከፋይ ባይሆንም ኤምባሲዎች ከእሱ የሚደርሳቸውን ጥያቄ ችላ አይሉም፤ አዲስ አምባሳደር ለማምጣት የኢትዮጵያን ይሁንታ የሚለምን ሚሲዮን ያልተከፈለ የኪራይ አቤቱታ በፋይሉ ውስጥ እንዲቀመጥ አይፈልግም። ፍርድ ቤት የመጨረሻው አማራጭ ይሁን፤ ያኔም በውል ጉዳይ የሠራ ጠበቃ ይዘው ይሂዱ።

አምባሳደሩን በበኩልዎ በሰላም ይሸኟቸው፤ የቤቱን ሁኔታ የሚያውቁት እሳቸው ስለሆኑ ምስክርነታቸው ይጠቅምዎታል። ከመሄዳቸው በፊት እርስዎ፣ እሳቸውና ከኤምባሲው የተላከ ሰው ባሉበት፣ በፈቃድ ገብታችሁ፣ ቤቱን ክፍል በክፍል እያያችሁ የጎደለውንና የተጎዳውን ጽፋችሁ ሦስታችሁም ፈርሙ። ቁልፉን ከአምባሳደሩ እጅ ብቻ አይቀበሉ፤ ቤቱ መመለሱን የሚገልጽ የኤምባሲው ደብዳቤ አብሮት ይምጣ። ባንዲራው ከምሰሶው ወርዶ ያ ደብዳቤ በእጅዎ እስኪገባ ድረስ ቤቱን ለሌላ ተከራይ አያሳዩ፤ ከደላላ ጋርም ዋጋ አይነጋገሩ።